የድርቆሽ ቤቱ ሳል

ድርቆሽ ነጋዴ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ዳንግላ ውስጥ በጋሪ ተሳፍራችሁ ከነበረ፣ ፈረሱ የእኔን ሣር በልቶ ያደረ ሊሆን ይችላል። ሥራውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። ሳሉንም ከእሱ የወረስኩት መስሎኝ ነበር፤ የምጽፈውም ስለዚሁ ሳል ነው። ትርንጎ እባላለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ገበያ የገባሁ፣ ምላሰኛ ናት እየተባልኩ የምታማ ሴት ነኝ። ሐሜቱ እውነት ነው። ደረቴ ያስተማረኝን ነገር ግን ዝም ብዬ ብይዘው ሌላ ሰው እኔ በገባሁበት በር ይገባል ብዬ ፈራሁ።

ያን ዓመት ዝናቡ ጥቅምት ገብቶም አልለቅ አለ። በእኛ በአዊ ሰማይ ማን ይተማመናል? ሣሩ ታጨደ፣ ፀሐይ ሳይጠግብ ተሰበሰበ፣ ድርቆሽ ቤት ገባ። ድርቆሽ ቤታችን ግቢያችን ጥግ ላይ ያለች፣ መስኮት የሌላት የጭቃ ቤት ነበረች፤ አባቴ በእጁ ነው የሠራት። እርጥብ ሣር ሲከመር ውስጡ ይሞቃል፣ ከዚያ ይሻግታል። ጥር ላይ ክምሩን ስንፈታው ነጭ ብናኝ እንደ ጭስ ቦነነ። ፈረስ አፍንጫው አመለኛ ነው፤ ከሸተተው አይበላም። ስለዚህ የሻገተውን እያራገፍኩ ደህናውን በደህናው አስር ነበር። የእኔን አፍንጫ የጠየቀ አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። አጥንቴን ቆረጠመኝ፣ ደረቅ ሳል ያዘኝ፣ ደረቴ በገመድ የታሰረ ያህል ተጨነቀ። በማግስቱ ተሻለኝና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አመሻሽ ላይ ደግሞ መጣ። እንዲህ ሲመላለስብኝ ከረመ።

መጀመሪያ ወባ ተባልኩ። ቀጥሎ ታይፎይድ። እኛ አገር ታይፎይድ ነው ያልተባለ ሰው ካለ እስኪ እጁን ያውጣ። ቀጥሎ የሳንባ ምች ነው ተብዬ ዐሥር መርፌ ተወጋሁ። ቀጥሎ አስም ነው ብለው በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጡኝ። ማንንም አልወቅስም፤ ሁሉም ባላቸው መሣሪያ ያዩትን ነው የነገሩኝ። የማልረሳው የተራ መጠበቂያዎቹን አግዳሚ ወንበር ነው። እኔ ስስል ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ቀስ ብሎ ይሸሻል። ነጠላውን አፍንጫው ላይ ያደርጋል። አንድ ቀን ግን አንዲት አሮጊት አልሸሹም። እንዲያውም ጋቢያቸውን ከፍለው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና «ሳልሽን ስሰማ የማን ልጅ እንደሆንሽ አወቅኩ» አሉኝ። «አባትሽም እንዲሁ ነበር የሚያስል። ሦስት ጊዜ አጠር አጠር፣ ከዚያ አንዴ ረዘም።»

እውነታቸውን ነበር። እኔም ከሰማሁት ቆይቼ ነበር፤ ለራሴ አልነግረው ብዬ ነው እንጂ።

አባቴ የሞተው ልጄ ማስተዋል ገና ጡት ስትጠባ ነው። አሁን ሦስተኛ ክፍል ናት። ዓመት ሙሉ ሳለ፣ ከሳ፣ ጥፍሩ ጠቆረ። አክታው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ የምንለው፣ አልተገኘበትም። ቢሆንም ምልክቱ ያው ነው ተብሎ መድኃኒቱ ተጀመረለት። ጎረቤት «ሕፃን አለሽ፣ ለይው» አለ። እናቴና እኔ ተመካከርን። የምንለይበት ሌላ ክፍል አልነበረንም፤ ድርቆሽ ቤቷ ነበረች። ሙቀት ያላት እሷ ናት፣ ቁርም አይገባትም አልን። አልጋውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እንዲመቸው ብዬ ከፍራሹ ሥር ሣር ጎዘጎዝኩለት፣ በግድግዳውም ዙሪያ ከመርኩለት። በደንብ ያስታመምኩት መስሎኝ ነበር። አምስት ወር እዚያ ተኝቶ ሞተ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። የእኔም አክታ ተመረመረ፤ አልተገኘም። ደግሜ ሰጠሁ፤ አልተገኘም። ራጅ ተነሣሁ፤ ሳንባዬ ላይ ጥላ አለ ተባለ። ምልክቱ ያው ነው ተባልኩና የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ። ቀኑ፣ ቃሉ፣ የኪኒኑ ቀለም ሁሉ የአባቴ ነበር። ስስል ከእኔ ደረት የሚወጣው የእሱ ድምፅ ነበር። እናቴ ከምድጃው ዳር ሆና ሳሌን ስትሰማ እጇ ይቆማል፤ ፊቷን ግን አታዞርም።

ባለቤቴ አንማው ጋሪ ነጂ ነው፤ ቀልዱ ሰው ያስቃል እንጂ ሲጨንቀው መናገር አያውቅም። ፍራሼን ተሸክሜ ግቢውን ሳቋርጥ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ወዴት ነው?»

«ማስተዋልን አልበክልም። እዚያ እተኛለሁ።»

«አንቺ ሴት፣ ሰው ከፈረስ ቀለብ ጋር ይተኛል?»

«አባዬስ ተኝቶ የለም?»

ፍራሹን ከትከሻዬ ተቀብሎ ራሱ አስገባልኝ። በማግስቱ «ያችን ሣር ጨምሪ፣ መሬቱ ይቀዘቅዝሻል» አለኝ። ጨመርኩ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ባሰ። ከደጃፉ እስከ ውኃው ቧንቧ ለመሄድ ሁለት ጊዜ እቆማለሁ። አባቴን የማየው በሕልሜ አልነበረም። ነቅቼ፣ ቀን በቀን፣ ጣራውን ሳይ፣ እሱ ያየው የነበረውን የጣራ እንጨት እያየሁ መሆኔን አውቃለሁ። አንዱ ወራጅ ላይ በጥፍር የተጫረ ምልክት ነበር። የቀን መቁጠሪያው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ፈራሁ፤ በግልጽ ልናገረው፣ ከሞት ይልቅ የእሱን ሞት መሞት ነበር የሚያስፈራኝ።

እናቴ ከጥርባ ወዲያ ወዳለ ፀበል ወሰደችኝ። ሁለት ሱባዔ ተጠመቅሁ። ተሻለኝ! ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ፣ ትኩሳቱ ጠፋ፣ እንጀራ ጣፈጠኝ። እልል ብለን ተመለስን። ድርቆሽ ቤት በገባሁ በአራተኛው ቀን ደረቴ ታሰረ። እናቴ «ስእለትሽን አጉድለሽ ነው» ብላ አለቀሰች። ያጎደልኩትን ስፈልግ ከረምኩ። ፀበሉን ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ሌላው ቢቀር ከዚያ ቤት አውጥቶኝ ነበር። እኛ ነን ምልክቱን ያላነበብነው።

ክረምት ሲገባ ከንፈሬ ሰማያዊ ሆነና አንማው በሚኒባስ እንጅባራ ወሰደኝ፤ ሆስፒታል ተኛሁ። ኦክስጅን ተሰጠኝ። በሳምንቱ ደግሞ ተሻለኝ። አልጋዬን የምትጎበኝ ወጣት ሐኪም ነበረች፤ ፋይሌን ታገላብጥና ከንፈሯን ትነክሳለች። አንድ ጠዋት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ትርንጎ፣ አንድ ጥናት አለን። እምቢ ማለት ትችያለሽ፤ እምቢ ብትዪም ሕክምናሽ አይቀርም። ደምሽን፣ ሽንትሽን፣ ትንፋሽሽንም መውሰድ እንፈልጋለን።»

«ደሙስ ይሁን። ትንፋሼን በምን ልትይዢው ነው?»

ሳቀች። ከዚያ አስረዳችኝ። ስሙ ሜታቦሎሚክስ ይባላል፤ ስሙን ለመያዝ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ሰውነት የሚበላውን ሲያቃጥል፣ ከበሽታ ጋር ሲታገል፣ ሲቆጣ፣ ጥቃቅን ቅሪት ይተዋል። ቅሪቱ በዓይን አይታይም፤ በደም፣ በሽንትና በትንፋሽ ውስጥ ይገኛል። ቲቢ ያለበት ሰው ቅሪትና አስም ያለበት ሰው ቅሪት አንድ ዓይነት አይደለም።

«እንግዲህ አመድ ማለትሽ ነው» አልኳት። «አጎቴ ከሰል አክሳይ ነው። አመዱን በጣቱ አሽቶ፣ ይሄ የዲከረንስ ዛፍ ነው፣ ይሄ ባሕር ዛፍ ነው ይልሻል።»

«በቃ እሱ ነው» አለች። «የአንቺን አመድ ማየት ነው የምንፈልገው።»

ምግብ ሳልቀምስ በጠዋት ደም ሰጠሁ። ከዚያ በበረዶ የታቀፈ ቱቦ አፌ ላይ አድርጌ በዝግታ እንድተነፍስ ተነገረኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ተነፈስኩ። ቱቦው ሥር ጥቂት ጠብታ ተጠራቅሞ አየሁ፤ ጥርት ያለ ውኃ። ያ ነው ትንፋሼ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲወጣ ሲገባ የኖረውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁትና እንባዬ መጣ። ነርሷ ያመመኝ መስሏት ቱቦውን ነጠቀችኝ።

ውጤቱ ሩቅ ቦታ ነበር የሚሠራው። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ኔትወርኩም ይጠፋል፤ ወራት ሄደ። እኔ ተሽሎኝ ከሆስፒታል ወጥቼ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ልጄን ከሩቅ ስሜ ወደ ድርቆሽ ቤት ተመለስኩ። በሳምንቱ በሽታው እንደ ድሮው ተመለሰብኝ። ለእናቴ ልብሷን ማን እንደሚያጥብላት፣ ማስተዋልን ማን እንደሚያሳድጋት ማሰብ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። ሐኪሟ ናት።

«ትርንጎ፣ አመድሽ ከቲቢዎቹ ጋር አልሄደም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ሄደ?»

«ከአስሞቹም ጋር አይደለም። ለብቻው ነው የቆመው። ለዚህ ነው የደወልኩልሽ። መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ፤ ግን ነገ ነዪ።»

በማግስቱ እንጅባራ ከፊቷ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን አሳየችኝ፤ ነጠብጣቦች በየመንደራቸው ተሰብስበዋል፣ የእኔ ነጠብጣብ ከሁሉም ርቃ ብቻዋን ናት። ሁሉን የምታውቅ ግን አላስመሰለችም። «ይህ ገና ጥናት ነው» አለች። «በእሱ በሽታሽን ልነግርሽ አልችልም። የሚጠቁመኝ ሳንባሽ ከተሐዋሲ ጋር እየታገለ እንዳልሆነ ነው። በሆነ ነገር ተቆጥቷል። በምን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የት ስትሆኚ ነው የሚሻልሽ?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

«ፀበል ስሄድ ተሻለኝ። እዚህ ስተኛም ተሻለኝ።»

«የት ይብስብሻል?»

«ቤቴ።»

«ከቤትሽ የትኛው ክፍል?»

«ልጄን እንዳልበክል ብዬ ለብቻዬ ነው የምተኛው። ድርቆሽ ቤት ውስጥ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ድርቆሹ ሻጋታ አለው?» አለችኝ። በእጄ ሳራግፈው የከረምኩትን ነጭ ብናኝ ነገርኳት። እሷ ስለ ሳንባ ትናገራለች፤ የሻገተ ሣር ብናኝ እየገባ ሳንባን እንደሚያስቆጣ፣ ሲደጋገም እንደሚያደድረውና ጠባሳ እንደሚተውበት፣ በሌላ አገር «የገበሬ ሳንባ» እየተባለ እንደሚጠራ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ። እኔ ግን የአባቴን ድምፅ ነበር የምሰማው። «ትርንጎ፣ ደጅ አውጪኝ» ይለኝ ነበር። «አየር ላይ አስተኚኝ።» «አይሆንም አባዬ፣ ቁሩ ይገድልሃል» እለው ነበር። ስንት ጊዜ እንደለመነኝ አላውቅም። እየደጋገመ ሲለኝ በሽታው አእምሮውን የነካው መስሎኝ ነበር።

«አባቴም እዚያው ነው የሞተው» አልኳት። «እሱንም የገደለው ሣሩ ነው? ንገሪኝ።»

«አላውቅም» አለች ሐኪሟ። «ደሙ የለኝም፣ ትንፋሹ የለኝም። ቲቢም ሊሆን ይችላል። የሞተን ሰው እንዲህ ነበር ብዬ ብነግርሽ እዋሻለሁ።»

ባሕር ዳር ሄጄ ሲቲ ስካን ተነሣሁ፤ ሳንባን እየቆራረጠ የሚያሳይ ራጅ ነው። ሐኪሞቹ ተመካከሩና ነገሩ ተረጋገጠ። የቲቢው መድኃኒት በእነሱ ትእዛዝ ቆመ። ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ የተባለ ኪኒን ተሰጠኝ፤ ዋናው መድኃኒት ግን ከድርቆሹ መራቅ ነበር። ኪኒኑ ፊቴን አሳበጠው። አንማው «ደልቶሻል፣ ሌላ ሰው እንዳያገባሽ ልደብቅሽ» እያለ ቀለደብኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲቀልድ ሰማሁት። በሦስተኛው ወር ከገበያ እስከ ቤት ሳልቆም ሄድኩ። ማስተዋልን አቅፌ ተኛሁ። ልጄ መጀመሪያ ሰውነቷን አጠንክራ፣ አፏን ይዛ ተኛች፤ ለካ እንዳትተነፍስ አስተምሬያት ኖሯል። ያ እስኪለቃት ብዙ ቆየ።

ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። የሳንባዬ ጥቂቱ ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል፤ ዳገት ላይ ያሳስበኛል። አሁን የምሸጠው ድንች ነው። ፈረሳችን ሣሩን ደጅ ነው የሚበላው፤ አንማው ክምሩን የሚፈታው አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ነው። ሳይደርቅ የገባ ሣር ካላችሁ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የሚያማችሁን ብቻ አትናገሩ፤ የት እንደሚብስባችሁ፣ የት እንደሚሻላችሁ ተናገሩ። የቲቢ መድኃኒት የተሰጠው ሰው የእኔን ታሪክ አንብቦ በራሱ እንዳያቋርጥ እለምናለሁ፤ ቲቢ ብዙ ሰው የሚገድል እውነተኛ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ያድናል።

ስለ አባቴ ለእናቴ ላልነግራት ቆርጬ ነበር። አሮጊት ናት፤ ምን ታደርገዋለች? ድርቆሽ ቤቷ ስትፈርስ «ብናኙ አልተስማማኝም» ብቻ ብዬ አለፍኩት። አንማው ጣራውን ሲያወርድ እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እናቴ ነገር ሲከብዳት ወደ አፍ መፍቻዋ ወደ አዊኛ ትገባለች፤ በአዊኛ ጀመረች።

«ማስተዋል ሆስፒታል የሰጡሽን የምክር ወረቀት አንብባልኛለች፤ የሻገተ ሣር ነው ይላል» አለች።

ዓይኔን ከሚፈርሰው ጣራ ላይ አላነሣሁም። እሷ ቀጠለች።

«አባትሽን ሁለት ጠዋት ጤዛው ላይ አገኘሁት። እየዳኸ ወጥቶ፣ ደጃፉ ላይ በጀርባው ተኝቶ። ብርዱ ይገድለዋል ብዬ መልሼ አስገባሁት። ከዚያ ወዲያ በሩን ከውጭ እቀረቅረው ነበር። አንቺ አታውቂም።»

«እማዬ፣ ሐኪሟ እኮ አይታወቅም ነው ያለችው» አልኳት። ያዘጋጀሁት መልስ ነበር፤ እውነትም ነበር።

«ጎህ ሲቀድ ያንኳኳ ነበር» አለች፣ እንዳልሰማችኝ። «በመጨረሻው ቀንም አንኳኳ። ሲተው ጊዜ፣ ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

አንማው ወራጁን ከላይ ጣለው። አቧራው ወደ እኛ ሲመጣ እናቴ በነጠላዋ አፌን ሸፈነችልኝ። ከነጠላው ሥር ሆኜ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ማንኳኳቱን እኔም ሰምቼ ነበር። ማስተዋልን እያጠባሁ ነበር፤ ገና መተኛቷ ነበር፤ ብነሣ ትነቃብኛለች ብዬ አልተነሣሁም።